ስለ ሰላም ማስከበር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሰማያዊ ቆብ ለባሾቹ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነሆ፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰላም ማስከበር ማለት ምን ማለት ነው?

በአጭሩ ገላጋይነት ነው። ሁለት ወገኖች ሲዋጉ ቆይተው ተኩስ ለማቆም ቢስማሙም አንዱ ሌላውን ገና አያምንም። «እኔ ጠመንጃዬን ባስቀምጥ እሱ ያስቀምጣል ወይ?» የሚለው ጥርጣሬ ብቻውን ጦርነቱን መልሶ ሊያነሣው ይችላል። ሰላም አስከባሪው መሀል የሚገባው ለዚህ ነው። ስምምነቱን ማን እንደጣሰ ያያል፣ ይመዘግባል፣ ለሁለቱም ወገን ይናገራል። ዛሬ ዛሬ ደግሞ ትጥቅ ማስፈታት፣ ምርጫ ማገዝና ሲቪሎችን መጠበቅም የሥራው አካል ሆኗል።

የመጀመሪያው ተልዕኮ የተቋቋመው ሜይ 29 ቀን 1948 ነው፤ በአረቦችና በእስራኤል መካከል የተደረገውን ተኩስ አቁም እንዲታዘቡ መሣሪያ ያልያዙ መኮንኖች ተላኩ። ያ ተልዕኮ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ከዚያ ወዲህ ከ70 በላይ ተልዕኮዎች ተቋቁመዋል፤ በግዳጅ ላይ ሕይወታቸውን ያጡት ሰላም አስከባሪዎችም ከ4,000 በላይ ናቸው።

የተባበሩት መንግሥታት የራሱ ጦር አለው?

የለውም። አንድም ወታደር የለውም። የጸጥታው ምክር ቤት ተልዕኮ እንዲቋቋም ሲወስን ድርጅቱ ወደ አባል አገሮች ዞሮ «ማን ሻለቃ ይሰጠናል? ሄሊኮፕተር ያለው ማን ነው? የመስክ ሆስፒታልስ?» እያለ ይለምናል። የተገኘው ጦር የአገሩን የደንብ ልብስ እንደለበሰ፣ በአገሩ መኮንኖች እየታዘዘ ይመጣል፤ የሚጨመርለት ሰማያዊው ቆብና ክንዱ ላይ የሚለጠፈው ምልክት ነው።

አንድ ተልዕኮ ከተወሰነ በኋላ መሬት ለመርገጥ ወራት የሚፈጅበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። ጎረቤት ሲቃጠል ባልዲ ፍለጋ ቤት ለቤት እንደመዞር ቁጠሩት።

ቆቡ ለምን ሰማያዊ ሆነ?

ነገሩ የመጣው ከስዌዝ ነው። በ1956 ግብፅ ካናሉን ስትወርስ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና እስራኤል ወረሯት። ወራሪዎቹ እንዲወጡ ሲወሰን፣ በካናዳው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በሌስተር ፒርሰን ሐሳብ የመጀመሪያው የታጠቀ የሰላም ኃይል ተቋቋመ። ግብፆች ግን የካናዳን እግረኛ ጦር አንቀበልም አሉ፤ ልብሱ ከእንግሊዞቹ ልብስ ጋር አንድ ነበርና። ከሩቅ የሚያይ ተኳሽ ወራሪውን ከገላጋዩ በምን ይለየዋል?

የተባበሩት መንግሥታትን ሰማያዊ መለዮ አሰፍቶ ለማድረስ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ በብዛት የነበረው የአሜሪካኖች የፕላስቲክ የውስጥ ሄልሜት ተሰብስቦ ሰማያዊ ቀለም ተረጨበት። በጥድፊያ የተቀባው ቀለም ነው እስከ ዛሬ የጸናው።

ኢትዮጵያ ሰላም ማስከበር የጀመረችው መቼ ነው?

በ1960 በኮንጎ ነው። ብዙ ሰው «በኮሪያ» ይላል፤ ኮሪያ ግን ሌላ ነገር ነበር። በ1951 ፑሳን የደረሰው የቃኘው ሻለቃ የዘመተው ለመዋጋት ነው። በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር ቢሆንም ጦርነት ነበር፤ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕይወታቸውን የሰጡበት፣ አንድም ሰው ያልተማረከበት ጦርነት። አዲስ አበባ አፍንጮ በር ያለው መታሰቢያ የእነሱ ነው።

ለምን ያን ያህል ርቀት እንደሄዱ የሚጠይቅ ካለ መልሱ ጄኔቫ ላይ ነው። ኢትዮጵያ በ1923 የተባበሩት መንግሥታት ቀዳሚ የሆነው፣ መቀመጫው ጄኔቫ የነበረው የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፣ አንዱ ሲጠቃ ሁሉም ይነሣል የሚለውን ቃል አምና ነበር። ጣሊያን ስትወርራት ማኅበሩ ማዕቀቡን ለይስሙላ ጥሎ ተዋት። ጁን 30 ቀን 1936 አፄ ኃይለ ሥላሴ ማኅበሩ ፊት ቆመው ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አወኩ። ተጣርቶ ሰሚ ያጣ አገር ከ15 ዓመት በኋላ የሌላ አገር ጥሪ ሲሰማ ዝም አላለም። እኔ በግሌ በአገራችን የውጭ ግንኙነት ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ገጽ አላውቅም።

ኮንጎ የሄደው ብርጌድ «ጠቅል» ይባላል። ቃኘው የራስ መኮንን፣ ጠቅል የንጉሠ ነገሥቱ የፈረስ ስም ነው፤ በአባቶች ደንብ ተሰይመው ዘመቱ ማለት ነው። ከ1962 እስከ 1963 የኮንጎውን የተባበሩት መንግሥታት ኃይል በሙሉ ያዘዙት ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ። በደርግ ዘመን ነገሩ ተቋረጠ። ከ1994 ጀምሮ ሩዋንዳ፣ ቡሩንዲ፣ ላይቤሪያ፣ ዳርፉር፣ አብዬይ፣ ደቡብ ሱዳንና ሶማሊያ ተከታተሉ። በ2010ሮቹ አጋማሽ ላይ ኢትዮጵያ ከ8,000 በላይ ሰው አሰማርታ ከዓለም አንደኛ የሰላም አስከባሪ ላኪ ሆና ነበር።

ወታደሩ በወር ስንት ያገኛል?

በየሰፈሩ የሚወራው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሚከፍለው ለላከው መንግሥት እንጂ ለወታደሩ አይደለም። ተመኑ ለሁሉም አገር እኩል ሲሆን በ2018 ለአንድ ወታደር በወር 1,428 ዶላር ነበር። ከዚያ ውስጥ ለወታደሩ ስንት እንደሚሰጥ የሚወስነው አገሩ ነው፤ ስለዚህ ጎን ለጎን ዘብ የቆሙ የሁለት አገር ወታደሮች አበላቸው ሊለያይ ይችላል። ድርጅቱ በቀጥታ ለወታደሩ የሚሰጠው የኪስ ገንዘብ በቀን 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም ነው።

ወጪውንስ ማን ይሸፍናል?

ሁሉም አባል አገር እንደ አቅሙ ያዋጣል። ትልቁ መዋጮ የአሜሪካ፣ ሁለተኛው የቻይና ነው፤ እንደ ኢትዮጵያ ያሉ በኢኮኖሚ ወደ ኋላ የቀሩ አገሮች ከድርሻቸው 90 በመቶ ይቀነስላቸዋል። ከጁላይ 2024 እስከ ጁን 2025 የነበረው በጀት ወደ 5.6 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በዚያው በ2024 ዓለም ለጦር ኃይሎቹ ያወጣው ግን ከ2.7 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ነው። ለጦር ከወጣው ከእያንዳንዱ 1,000 ብር ለገላጋዩ የደረሰው 2 ብር ገደማ ነው እንደ ማለት ነው።

ያችም ብትሆን በጊዜዋ አትከፈልም። መዋጮ ስለተጓተተ ድርጅቱ በ2025 ከተሰማሩት ሰላም አስከባሪዎች ሩብ የሚሆኑትን ለመቀነስ ወስኗል። የሚመለሰው ወታደር ጥሎት የሚመጣው ሰፈር ማታ ማታ ማን እንደሚጠብቀው በውሳኔው ላይ አልተጻፈም።

መሄድ እፈልጋለሁ፤ የት ልመዝገብ?

እንደ ወታደር ከሆነ በግል መመዝገብ የለም፤ የሚላከው በአገሩ ሠራዊት በኩል የተመደበ ጦር ነው። የፖሊስ አባላትም የሚሄዱት በመንግሥታቸው በኩል ነው። ሲቪል ከሆኑ ግን መንገድ አለ። የሕግ ባለሙያ፣ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የሎጂስቲክስና የኮምፒውተር ባለሙያ በድርጅቱ የሥራ ማስታወቂያ ይቀጠራል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ቦን ጀርመን በሆነው የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት በኩልም ዕድሜው 18 የሞላ ሰው ሊመዘገብ ይችላል።

እባካችሁ ይህችን ልብ በሉ፦ ድርጅቱ ለምዝገባ፣ ለፈተና፣ ለቪዛ ማስጨረሻ ብሎ ሳንቲም አይጠይቅም። «ዩኤን ላስገባህ፣ መጀመሪያ ይህን ያህል ላክ» የሚል መልእክት በቴሌግራም የደረሰው ሰው ብሩን ከመላኩ በፊት ስልኩን ይዝጋ። ወርቋን ሸጣ የከፈለች እናት አውቃለሁ። ልጇ ዛሬም እዚያው ነው፣ ወርቁ ግን የለም።

«የዓለም ዜጋ መሆን» ሲባል አገርን መተው ነው?

አይደለም። የዓለም ዜጋ የሚባል ፓስፖርት የለም። ነገሩ «የሌላው ሰው ልጅ ደም የእኔም ጉዳይ ነው» ብሎ እንደዚያው መኖር ነው። ኮንጎ የዘመተው ወታደር ኢትዮጵያዊነቱን አልጣለም፤ በኢትዮጵያዊ ስሙና በፈረስ ስሙ ነው የሄደው። በሠፈራችን ዕድር ውስጥ የማናውቀው ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፤ ያንን ስሜት ድንበር አሻግሮ ማሰብ ነው።

ተግባሩ ምንድን ነው ለሚለው፣ ወታደር ያልሆነ ሰው ከሁሉ በፊት ሊያደርገው የሚችለው አንደበቱን መጠበቅ ነው። የሩዋንዳን እልቂት ያፋፋመው ሬዲዮ ነበር። ዛሬ ሬዲዮው በየኪሳችን ነው፤ ያልተጣራ የጥላቻ ወሬ አለማስተላለፍ ቀላል ቢመስልም ሥራ ነው። ውጭ አገር የሚኖር ወገን ደግሞ በሚኖርበት አገር መራጭ ከሆነ፣ ያ መንግሥት መዋጮውን እንዲከፍልና ስደተኛ እንዲቀበል መጠየቅ ይችላል፤ ይህን ብዙዎቻችን አንጠቀምበትም።

ሶማሊያ ያለው ጦር የተባበሩት መንግሥታት ነው?

አይደለም፣ የአፍሪካ ኅብረት ነው። በ2007 «አሚሶም» ተብሎ ገባ፣ በ2022 «አትሚስ» ሆነ፣ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ «አውሶም» ይባላል። የኢትዮጵያ ጦር በይፋ የተልዕኮው አካል የሆነው በጃንዋሪ 2014 ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የጸጥታው ምክር ቤት ነው፣ ስንቅና ነዳጅ የሚያቀርበውም የተባበሩት መንግሥታት ነው፤ የወታደሩን አበል ግን ለዓመታት የሸፈነው በዋናነት የአውሮፓ ኅብረት ነበር።

በእውነቱ ይህ ሰላም ማስከበር ከሚባለው ወዲያ ያለ ነገር ነው። ሊጠበቅ የሚችል ሰላም ባልነበረበት ቦታ ከአልሸባብ ጋር መዋጋት ነውና። አፍሪካውያን ይሞታሉ፣ ሒሳቡ ግን በየዓመቱ ልመና ነው። ዲሴምበር 2023 የጸጥታው ምክር ቤት እስከ 75 በመቶ የሚደርሰው ወጪ ከአባል አገሮች መዋጮ እንዲሸፈን በር የሚከፍት ውሳኔ አሳልፏል። በሩ ተከፈተ እንጂ ለሶማሊያ ገና የገባበት የለም።

ሩዋንዳ ላይ ቆመው ያዩት ለምንድን ነው?

በጃንዋሪ 1994 የተልዕኮው አዛዥ ሮሜዮ ዳሌር መሣሪያ የተደበቀበትን ቦታ ጠቋሚ ነግሮት «ልፈትሽ» ብሎ ወደ ኒውዮርክ ላከ። መልሱ «ተልዕኮህ አይፈቅድም» የሚል ነበር። ኤፕሪል 7 አሥር የቤልጂየም ወታደሮች ተገደሉ፤ ቤልጂየም ጦሯን አስወጣች። ግድያው በየመንደሩ እየተቀጣጠለ ሳለ ኤፕሪል 21 የጸጥታው ምክር ቤት ወደ 2,500 የነበረውን ኃይል ወደ 270 እንዲቀንስ ወሰነ። በመቶ ቀን ውስጥ 800,000 ያህል ሰው አለቀ። ጥቂት ወታደሮች፣ በተለይ ጋናውያን፣ ከትእዛዙ በላይ ቆይተው ሺዎችን አትርፈዋል። የኢትዮጵያ ሻለቃ የደረሰው በኦገስት፣ እልቂቱ ካበቃ በኋላ ነው።

ከዚህና በ1995 ከ8,000 በላይ ሰው ካለቀበት ከቦስኒያዋ ስሬብሬኒካ በኋላ ሕጉ ተለወጠ። ከ1999 የሴራሊዮን ተልዕኮ ጀምሮ «ሲቪሎችን ጠብቅ፣ አስፈላጊ ከሆነም ተኩስ» የሚል ቃል በውሳኔዎቹ ውስጥ ይገባል። ያ ቃል በወረቀት ላይ ስላለ ግን ሁልጊዜ ይሠራል ማለት አይደለም።

በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የገባው ኃይልስ ምን ሠራ?

ከ1998 እስከ 2000 ከተካሄደው ጦርነት በኋላ በ2000 እስከ 4,200 ወታደር የሚይዝ ተልዕኮ ተፈቀደ። በኤርትራ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ቀጠና ከልሎ ሁለቱን ጦሮች አራራቀ። በዚያ ረገድ ሠርቷል፤ ዳግም ጦርነት አልተነሣም።

የድንበር ኮሚሽኑ ኤፕሪል 2002 ውሳኔውን ሲሰጥ ባድመን ለኤርትራ አደረገ፤ ኢትዮጵያ ችካሉ እንዲተከል አልፈቀደችም። ኤርትራ «የተፈረደልኝን ዓለም አላስፈጸመልኝም» ብላ ቁጣዋን በሰላም አስከባሪዎቹ ላይ አወረደች፦ በ2005 የሄሊኮፕተር በረራ፣ በ2007 መጨረሻ ነዳጅ ከለከለች። በጁላይ 2008 ተልዕኮው ተዘጋ። የሁለቱ አገር መሪዎች አስመራ ላይ የፈረሙት ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ ነው። ገላጋይ ጊዜ ይገዛል፤ በተገዛው ጊዜ ካልታረቁበት እሱ ብቻውን የሚፈይደው የለም።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ለምን አልመጡም? ወደ ዩክሬንና ጋዛስ ለምን አይሄዱም?

ሁለት በሮች አሉ፤ ሁለቱም መከፈት አለባቸው። አንደኛው የአገሩ መንግሥት ፈቃድ ነው። ሁለተኛው የጸጥታው ምክር ቤት ነው፤ ከ15ቱ ዘጠኝ ድምፅ ያስፈልጋል፣ ከአምስቱ ቋሚ አባላት ማለትም ከአሜሪካ፣ ከሩሲያ፣ ከቻይና፣ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ አንዳቸው «እምቢ» ካሉ ነገሩ አለቀ። ሩሲያ ራሷ ተዋጊ በሆነችበት፣ አሜሪካ የእስራኤል ዋና ደጋፊ በሆነችበት ጉዳይ ሁለተኛው በር እንደማይከፈት ግልጽ ነው። ፍትሐዊ ነው ወይ? አይደለም። ከ1945 ጀምሮ ያለ ጉድለት ነው፤ አፍሪካ እስከ ዛሬ አንድ ቋሚ መቀመጫ የላትም።

ከ2020 እስከ 2022 በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ሁለቱም በሮች ዝግ ነበሩ። ሽምግልናውን የያዘው የአፍሪካ ኅብረት ነው፤ ኦባሳንጆ፣ ኡሁሩ ኬንያታና ፉምዚሌ ምላምቦ ንጉካ ባሉበት ኖቬምበር 2 ቀን 2022 ፕሪቶሪያ ላይ ተፈረመ። ከዚያ በኋላ መቀሌ የገባው ሰማያዊ ቆብ የለበሰ ጦር ሳይሆን አፍሪካውያን ባለሙያዎች ያሉበት ትንሽ የክትትል ቡድን ነው። ስምምነቱ ጠመንጃውን አስቁሟል። ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ስንት ሰው ይተርፍ ነበር የሚለው ጥያቄ ግን እኛንም ዓለምንም የሚመለከት ነው።

ፈቃድ ያን ያህል ወሳኝ ከሆነ ባለ አገሩ ሐሳቡን ቢለውጥስ?

ይወጣሉ። ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የሚወዛገቡባትን አብዬይን ተመልከቱ። በጁን 2011 ሰሜኑና ደቡቡ ሱዳን አዲስ አበባ ላይ ሲስማሙ ሁለቱም ወገን «የኢትዮጵያ ጦር ይግባልን» ብለው ጠየቁ። የጎረቤት አገር ጦር ብዙ ጊዜ የሚጠረጠር በመሆኑ ይህ የማይገኝ አመኔታ ነበር። በሌተና ጄኔራል ታደሰ ወረደ አዛዥነት የጀመረው ኃይል ለአሥር ዓመት ያህል ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ኢትዮጵያዊ ነበር።

ሥራው በዜና የሚወራ ዓይነት አልነበረም። በበጋ የሚሴሪያ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ውሃና ሣር ፍለጋ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ በዚያ የንጎክ ዲንቃ መንደሮች አሉ። አንድ ጥጃ ከተሰረቀ በማግስቱ ሰው ይሞታል። ስለዚህ የሁለቱ ጎሣ ሽማግሌዎች አንድ ላይ የሚቀመጡበት የሰላም ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አሚየት የሚባል የጋራ ገበያም ተከፈተ፣ ትናንት የተጋደሉት እየተገበያዩበት። በኋላ ኢትዮጵያና ሱዳን በድንበርና በግድቡ ሲሻከሩ በ2021 ሱዳን ኢትዮጵያውያኑ ይተኩልኝ አለች፤ በ2022 በሌሎች አገሮች ጦር ተተኩ። ማሊም በ2023 ተልዕኮው ይውጣልኝ ብላ በዓመቱ መጨረሻ ተዘግቷል።

ሰላም አስከባሪው ራሱ ቢበድል ማን ይዳኘዋል?

ወታደር ከሆነ የሚከሰሰው በላከው አገር ፍርድ ቤት ብቻ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ሊመረምርና ሊመልሰው ይችላል፣ ሊያስረው ግን አይችልም። ብዙ ተበዳዮች ፍትሕ ሳያዩ የሚቀሩት በዚህ ክፍተት ነው። በ2016 የጸጥታው ምክር ቤት በወሲብ ጥቃት በተደጋጋሚ የሚወነጀል ጦር በሙሉ እንዲመለስ የሚፈቅድ ውሳኔ አሳለፈ፤ በ2021 ከማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክ 450 ያህል የጋቦን ወታደሮች የተመለሱት በእንዲህ ያለ ክስ ነው።

ሄይቲ ላይ የሆነው ከዚህም የከፋ ነው። በ2010 ከአንድ የሰላም አስከባሪዎች ካምፕ የወጣ ፍሳሽ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ኮሌራ አስነሣ፤ ወደ 10,000 ሰው ሞተ። ድርጅቱ ያለመከሰስ መብቱን ይዞ ዓመታት ዝም ካለ በኋላ ዋና ጸሐፊው ባን ኪሙን ይቅርታ የጠየቁት በዲሴምበር 2016 ነው። ሊያድን የገባ ሰው ሲገድል፣ ስድስት ዓመት ሳይዘገይ «በድያለሁ» ማለት ነበረበት።

ከወጡ በኋላ ሰላሙ ይጸናል?

አንዳንዱ ይጸናል፣ አንዳንዱ አይጸናም። ቆጵሮስ ከ1964 ጀምሮ ሰላም አስከባሪ አላት፤ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗት ደሴቲቱ አሁንም ለሁለት እንደተከፈለች ነው። ናሚቢያና ሞዛምቢክ ግን ምርጫቸውን አካሂደው ጦሩን ሸኝተዋል፤ ሞዛምቢክ ከዓመታት በኋላ ሌላ ችግር ቢገጥማትም።

ልዩነቱን የሚያሳየው ላይቤሪያ ይመስለኛል። በ2003 ጦርነቱ 14 ዓመት ሆኖት ነበር። ሙስሊምና ክርስቲያን ሴቶች ነጭ ለብሰው ሞንሮቪያ የዓሣ ገበያው ሜዳ ላይ፣ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ቴይለር በሚያልፉበት መንገድ ዳር፣ በፀሐይም በዝናብም ተቀመጡ። ድርድሩ አክራ ላይ ሲጓተት ተከትለው ሄዱና እጅ ለእጅ ተያይዘው የአዳራሹን በር ዘጉ፤ ተደራዳሪዎቹ ሳይስማሙ እንዳይወጡ። ከሴቶቹ መሪዎች አንዷ ሌይማ ቦዊ በ2011 የኖቤል የሰላም ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሴቶች አንዷ ሆናለች። በኦገስት 2003 ተፈረመ፣ በሴፕቴምበር እስከ 15,000 ወታደር የሚይዝ ተልዕኮ ተፈቀደ፤ ኢትዮጵያውያንም ነበሩበት፤ ከ100,000 በላይ ሰው ትጥቅ ፈታ። ተልዕኮው በማርች 2018 ዘግቶ ወጣ። በ2023 ምርጫ በሥልጣን ላይ የነበረው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዊያ በጠባብ ልዩነት ሲሸነፍ፣ የመጨረሻው ውጤት ሳይታወጅ ለተቀናቃኙ ስልክ ደውሎ እንኳን ደስ አለህ አለው።